«17ን ምን አልሽ?»

ልጄ፣ እኔ በወገራ ደጋ፣ ደባትም ደባርቅም፣ ሒሳብ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ከናንተ አልተላቀቅኩም። ሞዴል ፈተና በተሰጠ ቁጥር ከትምህርት ቤት ወደ ከተማ የሚወርደው ተማሪ በበሬ ላይ ያልፋል፤ ጋቢዬን ተከናንቤ ደጅ ስቀመጥ የምሰማው ሁልጊዜ አንድ ነው። «17ን ምን አልሽ?» «ሲ።» «ውይ! እኔ እኮ ቢ ነው ያልኩት።» «ቢ ነው ባክህ፣ እነ እገሌም ቢ ብለዋል።» ከዚያ አንዱ ይስቃል፣ አንዷ ፊቷ ይጠቁራል፣ ሌላው ሞቅ ባለ ድምፅ ፍርድ ይሰጣል። ማንም ግን ደብተር አያወጣም።

መልስ መተያየት ክፉ ነው አልልሽም። አስተማሪ ሆኜ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ ተማሪ በራሱ ፈቃድ ስለ ሒሳብ የሚከራከርበት ሰዓት ይህ ብቻ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። የከፋው አደራረጉ ነው። ስለሱ ነው የምመክርሽ።

1. ድምፅ አትቁጠሪ።

ስድስት ሆናችሁ አራቱ «ቢ» ካሉ መልሱ ቢ ሆነ ማለት አይደለም። በሒሳብ ፈተና ላይ የብዙኃን ስምምነት እንዲያውም ሊያስጠረጥርሽ ይገባል። ለምን እንደሆነ በአንድ ጥያቄ ላሳይሽ።

ጥያቄው የሎጋሪዝም ነው እንበል፤ ቤዙ 2 ነው። የኤክስ ሎግ፣ ሲደመር «ኤክስ ሲቀነስ 2» የሚለው ሎግ፣ እኩል ይሆናል 3። ኤክስ ስንት ነው? ጎበዝ ተማሪ ሁለቱን ሎጎች ወደ አንድ ያመጣቸዋል፤ ኤክስ በ«ኤክስ ሲቀነስ 2» ሲባዛ 8 ይሆናል፤ የሁለተኛ ዲግሪ እኩልታ ይወጣዋል፤ ይፈታዋል፤ 4 እና ኔጌቲቭ 2 ያገኛል። ምርጫው ላይ ሲመለከት «4 እና ኔጌቲቭ 2» የሚል ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ደስ ብሎት ያጠቁራል።

ተሳስቷል። የኔጌቲቭ ቁጥር ሎግ በናንተ ትምህርት የለም፤ ኔጌቲቭ 2 መጀመሪያውኑ ወደ ጥያቄው መግባት አይችልም። መልሱ 4 ብቻ ነው። አሁን ልብ በዪ፤ ያንን የተሳሳተ ምርጫ እዚያ ማን አስቀመጠው? ፈተና አውጪው። ተማሪ በብዛት የት እንደሚስት ያውቃል፣ የሚስትበትንም መልስ ሆን ብሎ ከምርጫዎቹ አንዱ ያደርገዋል። ስለዚህ አራት ልጆች አንድ ስህተት ላይ ቢገናኙ ተአምር የለውም፤ ወጥመዱ የተጠመደው ለአራቱም ነው። በዚያ ላይ አንድ መምህር አስተምሯቸዋል፣ አንድ ወርክሺት ፎቶ ኮፒ አድርገው ተከፋፍለዋል፣ አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው አጥንተዋል። አራት ሰው መሰሉሽ እንጂ በዚያ ጥያቄ ላይ አንድ ሰው ናቸው።

ታዲያ በምን ልወቅ ትዪኛለሽ። መልስሽን መልሰሽ አስገቢው። 4ን በኤክስ ቦታ አድርጊ፤ በቤዝ 2 የ4 ሎግ 2 ነው፣ የ2 ሎግ 1 ነው፣ ድምሩ 3። አለቀ። ደባርቅ ላይ ያለ ሰው ሁሉ «ቢ» ቢል እንኳ አንቺ የምትጨነቂበት ምክንያት የለም። በታሪክም በሲቪክስም መምህር ወይም መጽሐፍ ያስፈልግሽ ይሆናል፤ ሒሳብ ግን ብዙ ጊዜ እውነቱን ራስሽ የምታጣሪበት መሣሪያ አብሮ ይሰጥሻል።

2. ፊደል አታወዳድሪ።

ይህ አጭር ነው። የቡክሌቱ ኮድ ስለሚለያይ የጥያቄው ተራም ይለያያል። ያንቺ 17 የጓደኛሽ 43 ሊሆን ይችላል። «17 ሲ ነው» ተባብላችሁ የተላቀሳችሁበት ጥያቄ ጭራሽ አንድ ጥያቄ ላይሆን ይችላል። ጥያቄውን ተናገሪ፣ ያገኘሽውን ቁጥር ተናገሪ። በነገራችን ላይ የራስሽን ኮድ በመልስ ወረቀቱ ላይ በትክክል ማጥቆርሽን ፈተናው ክፍል ውስጥ ሳለሽ ነው የምታዪው። ማሽኑ የሚያነበው ያጠቆርሽውን እንጂ ያሰብሽውን አይደለም። አንድ ጥያቄ ዘልላ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ አንድ ረድፍ ወደ ላይ ያጠቆረች ልጅ አውቃለሁ፤ ችሎታዋ ምንም አላዳናትም።

3. «እንዴት አገኘኸው?» በዪ።

«ምን አልክ?» የሚለውን ጥያቄ ተዪውና በዚህ ለውጪው። ልዩነቱን ወዲያው ታዪዋለሽ። «ምን አልክ?» ስትዪ ድምፁ የጎላ ያሸንፋል። «እንዴት አገኘኸው?» ስትዪ ግን ድምፁ የጎላው ይንተባተባል፣ ጥግ ላይ ዝም ብላ የነበረችው ልጅ እስክሪብቶ ታወጣለች።

በየክፍሉ «ሰቃይ» የምትሉት ልጅ አለ። እሱ ያለው ሁሉ የመልስ ቁልፍ ይሆናል፤ ሌላው ከሱ ጋር ስንት እንደገጠመለት እየቆጠረ ውጤቱን ይገምታል። ሰቃዩ ግን ሰው ነው፤ ይሳሳታል፣ ይቸኩላል፣ አንዳንዴም ሁሉም ስለሚያዩት ብቻ አላውቅም ማለት ያፍራል። እሱንም እንዴት አገኘኸው በይው። ጎበዝ ከሆነ ደስ ብሎት ያሳይሻል፤ ካልሆነም ታውቂዋለሽ።

ለሴቶች ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። በክርክሩ ላይ ትክክል ሆነው ሳሉ «እኔ እንጃ፣ ተሳስቼ ይሆናል» ብለው ድምፃቸውን የሚያጠፉት አብዛኛውን ጊዜ እናንተ ናችሁ። በአገራችን ሴት ልጅ በሰው ፊት ስትከራከር «አፈ ጮሌ» ትባላለች፣ ይገባኛል። ነገር ግን መልሱን አስገብተሽ አረጋግጠሽ ካየሽ አንቺ አይደለሽም የተከራከርሽው፤ ቁጥሩ ነው። ወረቀቱን አውጪና አሳዪአቸው።

4. ፈተናው ራሱም ሊሳሳት ይችላል።

ይህን የምነግርሽ ባልገባሽ ጥያቄ ሁሉ «ጥያቄው ስህተት ነው» እንድትዪ አይደለም፤ እንደዚያ የሚለው ተማሪ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ ራሱ ነው የተሳሳተው። ግን ስሚኝ።

እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ውስጥ ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ኮሌጅ ለመግባት ኤስ.ኤ.ቲ. የሚባለውን ፈተና ተፈተኑ። አንዱ የሒሳብ ጥያቄ ስለ ሁለት ክቦች ነበር። የትንሹ ክብ ሬዲየስ የትልቁ አንድ ሦስተኛ ነው፤ ትንሹ በትልቁ ዙሪያ እየተንከባለለ ወደ ተነሣበት እስኪመለስ ድረስ ስንት ጊዜ ይሽከረከራል? ሁሉም ሰው የክቦቹን ዙሪያ አካፈለ፣ 3 አገኘ፣ 3 ደግሞ ከምርጫዎቹ መካከል ነበር። ፈተና አውጪዎቹም መልሱ 3 ነው ብለው ነበር። ትክክለኛው መልስ 4 ነው፤ 4 ደግሞ ከተሰጡት አምስት ምርጫዎች ውስጥ ጭራሽ አልነበረም። ከዚያ ሁሉ ተማሪ መካከል ሦስቱ ለፈተናው ድርጅት ጽፈው ስህተቱን አሳዩ። ድርጅቱ አመነ፤ ጥያቄው ተሰርዞ የተፈታኞቹ ውጤት እንደገና ተሰላ።

አላመንሽኝም መሰለኝ። ጥሩ፣ አትመኚኝ። ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም አውጪ። አንዱን ጠረጴዛ ላይ በጣትሽ ያዥው። ሌላውን የአንበሳው ፊት ቀጥ ብሎ እንዲታይ ከላዩ አስጠጊና ሳይንሸራተት በዙሪያው አንከባልይው። ሳንቲሞቹ እኩል ስለሆኑ ከተነሣበት እስኪመለስ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዞር ይመስልሻል። ግማሽ መንገድ ላይ፣ ከሥር ሲደርስ፣ አንበሳውን እዪው፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንድ ዙር ጨርሷል ማለት ነው፣ ገና በግማሽ መንገድ! ሲመለስ ሁለት ይሆናል። አንዷን ዙር ያመጣው ዙሪያውን መመለሱ ነው። ለአንድ ሦስተኛውም እንዲሁ 3 ሲደመር 1 ነው።

እኔ ይህን ጥያቄ የምወደው በሦስቱ ልጆች ምክንያት ነው። ከፈተናው ወጥተው «ሁሉም 3 ብሏል» ብለው ወደ ቤታቸው ቢሄዱ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር።

5. ቀሪ ፈተና እያለ ወሬውን ዝጊው።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። አንሶላሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ፣ ስልክ አታስገቢም፣ ከማታውቂያቸው ልጆች ጋር በዶርም ታድሪያለሽ። ድሮ ማትሪክ ስንፈተን ማታ ማታ ወደየቤታችን ነበር የምንበተነው፤ ክርክሩም ከእራት በኋላ ያልቅ ነበር። አሁን ግን ስምንት ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶበት ሌሊቱን ሙሉ ማትስን ሲያላምጥ ሊያድር ይችላል።

ማትሱ ካለፈ አልፏል። ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው፣ ባዮሎጂው፣ አፕቲቲዩዱ ይቀራል። ሌሊት ላይ ሦስት ጥያቄ እንደሳትሽ ብታውቂ የምታተርፊው ምንድን ነው? ወረቀቱ ከእጅሽ ወጥቷል። የምታጪው ግን እንቅልፍሽን ነው። የመጨረሻው ፈተና እስኪያልቅ አንድ ቃል ያዥ፤ «በኋላ» በያቸው። ካስቸገሩሽ ብርድ ልብስሽን ተከናንበሽ ወደ ግድግዳው ዙሪ። ይቀየሙሽ፤ በማግስቱ ትታረቃላችሁ።

ይህ ምክር ለሞዴል ፈተና አይሠራም። ከሞዴል በኋላ ባለው ምሽት መከራከር ይፈቀዳል፤ እንዲያውም አጥብቄ እመክርሻለሁ።

6. ከፈተና በኋላ የሚደረግ መተያየትና በፈተና ውስጥ የሚደረገው ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው።

ይህን ሳልናገር ባልፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ። በአገራችን ኩረጃ ሥር ሰድዷል። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው የእንግሊዝኛ ጥያቄዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥተው ፈተናው ተሰረዘ፤ ተማሪው ክረምት ላይ እንደገና ተቀመጠ። ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት ጥያቄ ተሰረቀ፣ መልስ ተሸጠ የሚለው ወሬ አልበረደም። በ2015 መጀመሪያ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገባ፤ የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ውጤቱን ሲናገሩ አገሩ ደነገጠ። ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። የቀጣዩ ዙር 3.2 ሆነ፤ የ2016ቱ 5.4፤ የ2017ቱ 8.4።

እነዚህን ቁጥሮች የሚያዩ ሰዎች ሁለት ቦታ ይከፈላሉ። አንዱ «ትውልዱ ሰነፍ ነው» ይላል፤ ሌላው «ፈተናው ጨካኝ ነው» ይላል። ሁለቱንም አልቀበልም። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም፤ ከደባት ገጠር ስንቁን በጀርባው ተሸክሞ፣ ድርቆሽና ቆሎ ይዞ፣ ከተማ ክፍል ተከራይቶ የሚማርን ልጅ ሰነፍ የሚል ሰው አፉ ይቆረጥ። ፈተናውም ከመጽሐፉ አይወጣም። የጎደለው ሌላ ነው። ለዓመታት ተማሪ ፊደል መሰብሰብን ተማረ፤ ከጎኑ ሰብስቦ፣ ከስልክ ሰብስቦ፣ ከፈተና በኋላም ከጓደኛው ሰብስቦ። መልስ ከሌላ ሰው የሚመጣ ነገር መሰለው። በድንገት ብቻውን ሲቀመጥ ራሱን የሚጠይቅበት ልማድ አልነበረውም።

ስለዚህ ነው መተያየቱን እንዲህ አጥብቄ የምናገረው። በትምህርት ቤቱ በር ላይ «ምን አልሽ?» ብላ ፊደል የምትለምን ልጅ ነገ ክፍሉ ውስጥም አንገቷ ይዞራል። በወረቀት የምትከራከር ልጅ አንገቷን ማዞር አያስፈልጋትም።

በቴሌግራም የሚዞረውን «የተረጋገጠ መልስ»ም እንዲሁ እዪው። ማን እንደሠራው አታውቂም፤ የየትኛው ኮድ እንደሆነም አታውቂም። ካየሽውም እንደ አንድ ተጨማሪ ተከራካሪ ቁጠሪውና እንዴት አገኘኸው በይው። አይመልስልሽም።

7. ሁላችሁም የሳታችሁትን ለይታችሁ ጻፉ።

ይህ ከምክሮቼ ሁሉ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ የሚያደርገው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

የናንተ ዘመን ትምህርት የተቦጫጨቀ ነው። በመጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2013 ክረምት ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደባት ገጠርና እስከ ደባርቅ ደጃፍ መጣ፤ ጭና በምትባለው መንደር ሰላማዊ ሰው ላይ የደረሰውን እልቂት እናንተም እኔም እናውቀዋለን። ከ2015 ነሐሴ ወዲህም በግጭቱ ምክንያት በክልላችን በአማራ ስንት ትምህርት ቤት ስንት ወር እንደተዘጋ እያንዳንዳችሁ ከደብተራችሁ ትቆጥሩታላችሁ። የመግቢያው ፈተና ግን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ይጠይቃል። የተዘለለውን ምዕራፍ «እነዚህ ልጆች ያኔ አልተማሩም» ብሎ የሚተውልሽ የለም።

ስለዚህ ከሞዴል ፈተና በኋላ አምስት ስድስት ሆናችሁ ተቀመጡና ጥያቄዎቹን በምዕራፍ ከፋፍሏቸው። አንዷ ብቻ የሳተችው የእሷ ጉዳይ ነው፤ ጓደኛዋ በሩብ ሰዓት ታስረዳታለች። ሁላችሁም የሳታችሁት፣ ወይም ሁላችሁም በግምት ያጠቆራችሁት፣ ያ ያልተማራችሁት ምዕራፍ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ያደረጉ ልጆች ዝርዝራቸውን ይዘውልኝ መጡ። ከላይ እስከ ታች ቬክተርና ትሪጎኖሜትሪ ነበር። የትኛው ወር ላይ ትምህርቱ እንደተቋረጠ ሳይነግሩኝ ገባኝ። ዝርዝሩን ለመምህራችሁ ስጡት፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ክፍለ ጊዜ ጨምርልን በሉት። እንዲህ ለይቶ ለመጣ ተማሪ እምቢ የሚል መምህር ብዙ አላየሁም። «ማትስ ከብዶናል» ብሎ ለመጣ ግን ምን ይደረግለታል?

8. ውጤትሽን ስትገምቺ ራስሽን አታታልዪ።

ትገምቻለሽ፣ አውቃለሁ፤ አትገምቺ ብልሽም አትሰሚኝም። እንግዲያውስ በሒሳብ ገምቺ። በቀደሙት ዓመታት ቡክሌቶች የማትሱ ፈተና 65 ጥያቄ በሦስት ሰዓት ነበር፤ ለአንድ ጥያቄ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። እሱን እንውሰድ። ጥያቄዎቹን በሦስት ክፈያቸው፦ ሠርተሽ ያረጋገጥሻቸው፣ ከሁለት ምርጫ አንዱን የመረጥሽባቸው፣ ዐይንሽን ጨፍነሽ ያጠቆርሻቸው። የመጀመሪያዎቹ 30፣ ሁለተኛዎቹ 20፣ ሦስተኛዎቹ 15 ናቸው እንበል። 30፣ ከ20ው ግማሹ 10፣ ከ15ቱ ሩቡ ወደ 4። ድምር 44፤ ከመቶ ወደ 68። ከዚህ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ብትዪ አይግረምሽ።

ከዚህ ሌላ ነገር ትማሪያለሽ። ጭፍን ያጠቆርሻቸውን 15 ከጓደኛሽ ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም። ሁለት ሰው በጭፍን ሲያጠቁር ከአራት አንድ ጊዜ በዕድል ብቻ ይገጥማል። «አራቱ ከሷ ጋር ገጠሙልኝ!» ብለሽ የተደሰትሽው በዕድል ነው። 65ቱንም በጭፍን ያጠቆረ ሰው እንኳ በአማካይ ወደ 16 ያገኛል፤ ያ ዕውቀት አይባልም።

9. የሳተውን ሰው አትርገጪ።

ከዳገቱ መንደር የመጣ፣ ከቤተሰቡ 12ኛ ክፍል የደረሰ የመጀመሪያው ልጅ፣ በዚያ ክበብ ውስጥ ቆሞ ሰባት ጥያቄ በተከታታይ «ተሳስተሃል» ቢባል ወደ ክፍሉ ሄዶ ምን እንደሚያስብ አታውቂም። የምትስቂበት አንቺ በማግስቱ ትረሺዋለሽ። አራተኛውን ስትነግሪው ፊቱን እዪ፤ ከጠቆረ አምስተኛውን ተዪው። እናቱ ደውላ «እንዴት ነበር ልጄ?» ስትለው «ሸጋ ነው እማዬ» ይላታል፤ ያቺን መልስ ለመናገር አቅም አስቀሪለት።

አንድ ፈተና መንገዱን ሁሉ አይዘጋም። ግማሹን ያላመጡ ነገር ግን የተወሰነ ነጥብ ያገኙ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚማሩበት ሪሜዲያል የሚባል መርሐ ግብር በ2015 ተጀምሯል። በግል እንደገና መፈተንም አለ። ውጤቱ ከጠበቅሽው እጅግ ከራቀ ደግሞ፣ ባረጋገጥሻቸው ጥያቄዎች ቆጥረሽ ከሆነ የገመትሽው፣ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ቅሬታ በሚቀበልበት ቀን ውስጥ አመልክቺ። «ጓደኞቼ እንዲህ አሉኝ» የሚል ቅሬታ ግን አትጻፊ።

10. አሁን አንድ ጥያቄ ልስጥሽ።

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ሚኒባሱ ሽቅብ ሲመጣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሄደ፤ ቁልቁል ሲመለስ በሰዓት 60። የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ስንት ነው? ለጓደኞችሽ ንገሪያቸውና መጀመሪያ የሚሉትን ስሚ። ከዚያ ብቻሽን ሥሪው፣ አረጋግጪው፣ አሠራሩን በወረቀት ጽፈሽ በበሬ ስታልፊ ስጪኝ። 50 አይደለም።